ዓሣው ሐላል ነው፤ ሐቁስ የማን ነው?



ውድ ወጣት ወንድሞችና እህቶች፣

በውጭ አገር ያደገ ሙስሊም ልጅ ገና በጠዋቱ ከሚለምዳቸው ጥያቄዎች አንዱ «ዓሣ አለ?» የሚለው ነው። በትምህርት ቤት ምሳ፣ በአውሮፕላን ላይ፣ በመሥሪያ ቤት ግብዣ፣ ሥጋው እንዴት እንደታረደ በማይታወቅበት ቦታ ሁሉ ዓሣ መሸሻችን ነው። ማረድ አያስፈልገውም፤ መዝሀቦችም በዚህ ይስማማሉ። ቢስሚላህ ብለን እንበላለን፤ አልሐምዱሊላህ ብለን እንነሳለን፤ ጥያቄው እዚያው ያበቃል።

እኔ ደግሞ ጥያቄው እዚያ እንዳያበቃ እፈልጋለሁ። የዓሣውን ሐላልነት አልጠራጠርም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ ዓሣው ከአንዱ ሕዝብ ደጃፍ ተነስቶ ወደ ሌላው ሕዝብ ደጃፍ እየተሻገረ ነው። ያን ጊዜ ዓሣው የማን ነው? ዓሣው የሄደበት ሰውስ ሐቁን ከማን ይጠይቅ? ጥያቄው የባሕር ሳይንስ ጥያቄ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የፍትሕ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባሕሩ ምን ሆነ?

መነሻውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚወጣው ጭስ ምድርን እያሞቀ እንደሆነ በትምህርት ቤት ተምራችኋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሙቀቱ የት እንደሚገባ ነው። ከተጨማሪው ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የዋጠው ባሕር ነው። እኛ በአየሩ ላይ የሚሰማን ከዚያ የተረፈው ጥቂቱ ነው።

ዓሣ ደግሞ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት ጠብቆ አይኖርም። የአብዛኛው ዓሣ የሰውነት ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው። ውሃው ሲሞቅ ሰውነቱ ይፋጠናል፤ ብዙ ምግብና ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ነገር ግን የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቀዝቃዛው ያነሰ ነው። ፍላጎቱ በጨመረበት ሰዓት የሚያገኘው ይቀንሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ ትንንሽ ዓሦች የሚመገቧቸው ፕላንክተን የሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት የሚበዙበት ጊዜና ቦታ ይለወጣል። ዓሣው የሚፈለፈልበት ወቅትና ምግቡ የሚበዛበት ወቅት ከተላለፉ፣ ከእንቁላል ከወጡት ውስጥ ለመብል የሚደርሱት ጥቂት ይሆናሉ።

ስለዚህ ዓሣው ይሄዳል። አንዳንዱ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ብዙው ደግሞ ወደ ቀዝቃዛው አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ዋልታዎቹ ይጠጋል። ተመራማሪዎች የባሕር ፍጥረታት በአማካይ በየአሥር ዓመቱ በብዙ አሥር የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እንደሚሸሹ አይተዋል። መሄጃ የሌለውም አለ። በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች የምትኖሩ ካርታውን ተመልከቱ፤ በበጋ የላይኛው ውሃ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚደርስበት በዚያ ባሕር፣ ዓሣው ወደ ሰሜን ልሂድ ቢል የሚያገኘው የብስ ነው።

ሁሉም እኩል አይጎዳም። በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት 235 የዓሣ ክምችቶችን መርምሮ፣ ከ1930 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ባሕሩ ሳይጎዳ ሊሰጥ የሚችለው ምርት በሙቀት ምክንያት በአጠቃላይ 4 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። 4 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ውስጡን ስንገልጠው ግን በእንግሊዝና በኖርዌይ መካከል ያለው የሰሜን ባሕርና የጃፓን ባሕር አንድ ሦስተኛውን ያህል አጥተዋል፤ እንደ ባልቲክ ያሉ ጥቂት ባሕሮች ደግሞ አትርፈዋል። አማካይ ቁጥር የአንዱን ሐዘንና የሌላውን ደስታ ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ነገር ነው። የፍትሕ ጥያቄው ያለው ድምሩ ውስጥ ሳይሆን ልዩነቱ ውስጥ ነው።

ድንበሩ ቆመ፤ ዓሣው ሄደ

በ1982 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ለእያንዳንዱ የባሕር ዳርቻ አገር እስከ 200 የባሕር ማይል፣ ማለትም እስከ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ ልዩ የኢኮኖሚ ክልል ሰጠ። በዚያ ክልል ውስጥ ያለውን ዓሣ የማስተዳደር መብት የአገሩ ነው። ሕጉ በሁለት አገሮች ክልል የሚመላለሰውን ዓሣ በተመለከተ ተባበሩ ይላል፤ ስንት ለማን እንደሚደርስ ግን አይናገርም። መስመሩ እንደማይንቀሳቀስ ሁሉ ዓሣውም ብዙ አይንቀሳቀስም ተብሎ የታሰበ ይመስላል።

ማከረል የሚባለው ዓሣ ይህን ግምት አፈረሰው። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ማከረል ለረጅም ጊዜ ሲጠመድ የኖረው በዋናነት በብሪታንያ፣ በአየርላንድ፣ በኖርዌይና በአካባቢያቸው ባሕሮች ነበር። በ2006 አይስላንድ ያጠመደችው ማከረል 4 ሺህ ቶን ገደማ ብቻ ነው። በ2008 ግን ከ110 ሺህ ቶን በላይ አጠመደች። ውሃው ሞቅ ብሎ ነበር፤ ክምችቱም በዝቶ ሰፊ የምግብ ቦታ ፈልጎ ነበር። ሳይንቲስቶች የትኛው ምክንያት ምን ያህል እንደሚከብድ ዛሬም ይከራከራሉ። ያም ሆነ ይህ ዓሣው አይስላንድ ደጃፍ የደረሰው ባንኮቿ ተንኮታኩተው ሕዝቧ በተጨነቀበት በዚያው ዓመት ነው። በ2010 አይስላንድ ማንንም ሳትጠብቅ ለራሷ 130 ሺህ ቶን ኮታ ቆረጠች። የፋሮ ደሴቶችም 85 ሺህ ቶን አሉ። የአውሮፓ ኅብረትና ኖርዌይ ተቆጡ።

የሁለቱንም ክርክር በቅን ልቦና ስሙት። አይስላንዶች «ዓሣው በእኛ ባሕር በልቶ ነው የሚሰባው፤ የእኛን መኖ እየበላ እንዴት አትንኩት ትሉናላችሁ?» አሉ። ሌሎቹ «እኛ በዚህ ዓሣ ለትውልዶች ኖረናል፤ እንዳያልቅ ብለን ኮታችንን ስንገድብ ቆይተናል፤ ዛሬ የመጣ ሰው የቆጠብነውን እንዴት ይወስዳል?» አሉ። ሁለቱም ክርክሮች እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን ዓሣውን አልታደጉትም። በ2014 የአውሮፓ ኅብረት፣ ኖርዌይና ፋሮ ሲስማሙ አይስላንድ ውጭ ቀረች። በአብዛኞቹ ዓመታት ሁሉም ሐቄ ነው ብሎ የወሰደው ሲደመር ሳይንቲስቶች ከመከሩት በላይ ሆነ። በ2019 ማከረል የዘላቂ ዓሣ የምስክር ወረቀቱን አጣ። በ2025 መኸር ኮፐንሃገን ላይ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የባሕር ምርምር ምክር ቤት ለቀጣዩ ዓመት የሚጠመደው በ70 በመቶ ይቀነስ ብሎ መከረ። ደግሞ ልብ በሉ፤ ከ2015 በኋላ ባሉት ዓመታት ማከረሉ ከአይስላንድ ውሃ እየሳሳ ወደ ምሥራቅ ተመልሷል። «ደጄ ስለመጣ የእኔ ነው» ያለ ሰው፣ ዓሣው ሲሄድበት በምን አፉ ይከራከር?

በቨርጂኒያና በዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖሩት ደግሞ ምሳሌው ቅርብ ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ሰመር ፍላውንደር የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ አለ። ለንግድ የሚጠመደው ለክፍለ ግዛቶች የተከፋፈለው ከ1980 እስከ 1989 በነበረው ምርት መሠረት ነው። ኖርዝ ካሮላይና 27.4 በመቶ፣ ቨርጂኒያ 21.3 በመቶ፣ ኒው ዮርክ 7.6 በመቶ ደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ የዓሣው መሰባሰቢያ ወደ ሰሜን ተጠጋ። የኖርዝ ካሮላይና ጀልባዎች ድርሻቸውን ለማጥመድ ረጅም መንገድ ወደ ሰሜን ይጓዛሉ፤ የኒው ዮርክ ዓሣ አጥማጅ ግን በደጁ ያለውን ዓሣ ኮታው ስለሞላ መልሶ ይጥለዋል። ኒው ዮርክ በ2019 የፌዴራል መንግሥቱን ከሰሰች፤ ከ2021 ጀምሮም የክፍፍሉ ሕግ በከፊል ተሻሽሏል። ዓሣው እየሄደ፣ ወረቀቱ ግን በ1980ዎቹ ቆሞ ነበር።

የጋራ ነገር ማለት የሚጨረስ ነገር ማለት አይደለም

የእኛ ፉቀሃዎች በዚህ ላይ የሚሉት አላቸው። በባሕር ውስጥ ያለ ዓሣ እስኪያዝ ድረስ የማንም ንብረት አይደለም። ያልተያዘ ዓሣን በውሃ ውስጥ እያለ መሸጥ፣ በውስጡ ባለው አለመረጋገጥ ምክንያት፣ ለተከለከለ ሽያጭ የታወቀ ምሳሌ ሆኖ በኪታቦቹ ይጠቀሳል። ውሃ፣ ግጦሽና እሳት ሰዎች የሚጋሯቸው መሆናቸውን የሚናገረው ሐዲስም የታወቀ ነው። ከዚህ ተነስተን «ዓሣዬ ወደ አንተ ሄደ፤ መልስልኝ» የሚል ሰው ክርክሩ ደካማ ነው ማለት እንችላለን። ዓሣው የእሱ ሆኖ አያውቅም።

ነገር ግን ይኸው መርህ በሌላ በኩልም ይቆርጣል። ዓሣው የሄደበት ሰው ባለቤት ካልነበረ፣ የመጣለት ሰውም ባለቤት አልሆነም። የጋራ ነገር ማለት ቀድሞ የደረሰ የሚጨርሰው ነገር ማለት አይደለም። ከጋራ ጉድጓድ ውሃ የሚቀዳ ሰው ለሚቀጥለው ቀጂ ማስቀረት ይጠበቅበታል፤ ጉድጓዱን ካደረቀ፣ የቀዳው ውሃ ሐላል ነበር ብሎ ማምለጥ አይችልም።

ይህን ጉዳይ ለመረዳት ከባሕር ርቀን ወደ አፋርና ወደ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ብንሄድም እናገኘዋለን። በዚያ ቆላ ዝናብ በየዓመቱ አንድ ቦታ አይጥልም። ግጦሹ ይንቀሳቀሳል፤ መንጋው ይከተላል። ዝናብ የጎደለበት ጎሳ ዝናብ ያገኘውን ጎሳ አስፈቅዶ ከብቱን ማሰማራቱ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ያስተናገደው ነገ እንደሚለምን ያውቃልና። ስምምነቱ ሲፈርስ ደም እንደሚፈስም ያውቃሉ። እዚያ ያለው ሽማግሌ የባሕር ሕግ አላነበበም፤ ሀብቱ ሲንቀሳቀስ መብቱም አብሮ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ካልተበጀ ሰላም እንደማይኖር ግን ከሁላችንም በላይ ገብቶታል።

በባሕርም ይህ የሚቻል እንደሆነ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በፓስፊክ ውቅያኖስ የናኡሩ ስምምነት አባል የሆኑ ትንንሽ የደሴት አገሮች ብዙ ቱና የሚገኝበትን ባሕር ይጋራሉ። ቱናው በኤል ኒኞ ዓመት ወደ ምሥራቅ፣ በሌላው ጊዜ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። አገሮቹ ከ2007 ጀምሮ የሚሸጡት ዓሣውን ሳይሆን መርከቦች የሚያጠምዱባቸውን ቀናት ነው። ቀናቱም በአባላቱ መካከል ይሸጋገራሉ። ዓሣው ዘንድሮ ከአንዱ ቢርቅ ገቢው ሙሉ በሙሉ አይነጥፍም። ደካሞች ተባብረው ኃያላን መርከቦችን የሚያስከፍሉበት መንገድ አገኙ።

ዓሣው ሲሄድ እራት የሚሄድባቸው

እስካሁን የጠቀስኳቸው የአትላንቲክ ተከራካሪዎች ሀብታሞች ናቸው። የተሸነፈው ገንዘብ ያጣል፤ ልጆቹ ግን ጾማቸውን አያድሩም። አሁን ወደ ሴኔጋል እንሂድ።

በሴኔጋል ጠረፍ ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ወደ ውጭ ሲገፋው ከጥልቁ ቀዝቃዛና ምግብ የሞላበት ውሃ ይወጣል። በዚያ ውሃ ሳርዲኔላ የሚባል፣ የሳርዲን ዘመድ የሆነ ትንሽ ዓሣ ይበዛል። በወሎፍ ቋንቋ ያቦይ ይሉታል። ርካሽ ስለሆነ የድሃው ዓሣ ነው። ወንዶቹ ፒሮግ በሚባሉ ረጃጅም ባለ ቀለም የእንጨት ጀልባዎች ያጠምዱታል፤ ሴቶቹ በጨውና በጭስ አድርቀው ይሸጡታል፤ የደረቀውም ባሕር ወደሌላቸው ጎረቤት አገሮች ይጫናል። አብዛኞቹ እንደ እኛ ሙስሊሞች ናቸው፤ ጀልባዎቻቸው ላይ የሸይኾቻቸውን ስም ይጽፋሉ።

ያቦይ አሁን እየጠፋ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሠሩ የባሕር ላይ ቅኝቶች ክቡ ሳርዲኔላ ውሃው በሞቀ መጠን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሞሪታኒያና ወደ ሞሮኮ እንደተጠጋ አሳይተዋል። ሙቀት ብቻውን አይደለም። ከመጠን በላይ ማጥመድ አለ፤ የዓሣ ዱቄት ፋብሪካዎችም አሉ። አንድ ኪሎ ዱቄት ለመሥራት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ትኩስ ዓሣ ይፈጫል። ዱቄቱና ዘይቱ ወደ እስያና ወደ አውሮፓ ተጭኖ በእርባታ ላለ ዓሣ መኖ ይሆናል። እኛ ሱፐርማርኬት ገብተን «ሥጋው አጠራጣሪ ነው፤ ሳልሞን ይሻላል» ስንል፣ ያ ሳልሞን ምን በልቶ እንዳደገ ማሸጊያው ላይ አልተጻፈም። ከአንድ ድሃ ሙስሊም ቤተሰብ ሰሐን የተወሰደ ዓሣ ሊሆን ይችላል።

ዓሣው ወደ ሰሜን ሲሄድ አጥማጁም ይከተላል። ሴንት ሉዊ የምትባለው የሴኔጋል ከተማ ከሞሪታኒያ ድንበር አጠገብ ናት። የከተማዋ አጥማጆች መስመሩ ሳይኖር ጀምሮ በዚያ ባሕር ሲያጠምዱ ኖረዋል። በጥር 2018 አንድ ወጣት አጥማጅ በሞሪታኒያ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች በጥይት ተገደለ፤ በከተማዋም ሁከት ተነሳ። በዚያው ዓመት ሁለቱ አገሮች ስለ ፈቃድ ስምምነት ፈረሙ። ዓሣው ድንበሩን ሲያልፍ ማንም ፓስፖርት አልጠየቀውም፤ የተከተለው ልጅ ግን ሞተበት።

ዓሣ ያጡት ፒሮጎች ዛሬ ሌላ ጭነት ይጭናሉ። በ2024 ብቻ ከ46 ሺህ በላይ ሰዎች በጀልባ የስፔን ካናሪ ደሴቶች ደርሰዋል። ሁሉም አጥማጅ አይደሉም፤ ሁሉም ከሴኔጋል አይደሉም። ብዙዎቹን ያሻገሩት ግን ዓሣ ለማጥመድ የተሠሩ ጀልባዎች ናቸው፤ መሪዎቹም ባሕሩን የሚያውቁ አጥማጆች ናቸው። የእኛ ሕዝብ በሊቢያና በየመን በኩል ያየውን ባሕር እነሱም በሌላ በኩል እያዩት ነው። ስለዚህ «ይሄ ስለ ዓሣ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ብንል አያምርብንም።

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

በአንድ የወጣቶች ውይይት ላይ ይህን ስናወራ አንዲት እህት ጥሩ ጥያቄ አነሳች። «ወላጆቼ የመጡት ምንም ጭስ ካላወጣ አገር ነው። እኔ መርጬ አይደለም እዚህ የተወለድኩት። ፋብሪካ የለኝም፤ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። ለምንድነው ጥፋቱ በእኔ ላይ የሚጫነው?» አለች።

አነጋገሯ እውነት አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ሰው በዓመት በአማካይ ከሩብ ቶን በታች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚደርስበት። በሴኔጋል ከአንድ ቶን በታች ነው። በአሜሪካ 14 ቶን ገደማ፣ በኳታር ደግሞ ከ30 ቶን በላይ ነው። ወላጆቻችን ከመጀመሪያው ቁጥር ተነስተው ወደ መጨረሻዎቹ ገቡ። እኛ ደግሞ እዚሁ አድገን መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ መኪናውን ለመድን። ይህን ኑሮ አልፈለሰፍነውም፤ ጥቅሙን ግን እያገኘን ነው።

ለእህቴ ያለኝ መልስ ይህ ነው፦ ጥፋተኛ አይደለሽም፤ ግን ተጠያቂነት የሚመጣው በጥፋት ብቻ አይደለም። ዲናችን በኃጢአትና በካሳ መካከል ይለያል። አንድ ሰው ሳያስበው የጎረቤቱን ዕቃ ቢሰብር ኃጢአት የለበትም፤ ዕቃውን ግን ይተካል። «አውቄ አይደለም» ማለቱ ከአላህ ዘንድ ወቀሳን ያነሳለታል፤ ለጎረቤቱ ግን ዕቃውን አይመልስለትም። ፉቀሃዎች ዶማን የሚሉት ይህን ነው።

በሱረቱል አንቢያእ የተነሳው የነቢዩላህ ዳዉድና የልጃቸው የሱለይማን (ዐለይሂመሰላም) ፍርድ እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለው። የአንድ ሰው በጎች ሌሊት ወጥተው የሌላውን እርሻ በሉ። ሙፈሲሮች እንደሚያብራሩት፣ ዳዉድ በጎቹ ለእርሻው ባለቤት ይሰጡ ብለው ነበር። ሱለይማን ግን እንዲህ አሉ፦ የእርሻው ባለቤት በጎቹን ይዞ በወተታቸውና በሱፋቸው ይጠቀም፤ የበጎቹ ባለቤት ደግሞ እርሻውን ያልማ፤ እርሻው እንደ ነበረ ሲመለስ ሁለቱም የየራሳቸውን ይውሰዱ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እረኛው ክፉ ሰው ነው አልተባለም፤ በጎቹ ግን የበሉት ተቆጠረ። ሁለተኛ፣ የካሳው መለኪያ ቅጣት ሳይሆን እርሻው መመለሱ ነው። ሦስተኛ፣ እርሻው እስኪመለስ ድረስ ተጎጂው በባዶ እጁ አልተሰደደም፤ የሚኖርበት ነገር ተሰጠው። የእኛ ዘመን በጎች ጭሳችን ናቸው፤ እርሻው ደግሞ የሌላ ሰው ባሕር ነው። ባሕር የዋጠውን ሙቀት በአንድ ትውልድ አይተፋም፤ ስለዚህ ካሳው ረጅም ነው። ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው፦ በጎቹን ማገድ፣ እርሻውን ማልማት፣ እስከዚያው ተጎጂውን መደገፍ።

«ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ዓሣውን ያመጣውም የወሰደውም እሱ ነው» የሚል ወንድም ይኖራል። ልክ ነው፤ ሪዝቅ ከአላህ ነው። ነገር ግን የሰው ሪዝቅ ከአላህ መሆኑ፣ እኛ የሰውን ሪዝቅ ማበላሸታችንን አይፈቅድልንም። የሌባም ሰለባ ሪዝቁ ከአላህ ነው፤ ሌባውን ግን በዚህ አናሰናብተውም። ቁርኣን በየብስና በባሕር ስለ ታየው ብልሽት ሲናገር ከሰዎች እጅ ሥራ ጋር አያይዞታል፤ የእጅ ሥራን ደግሞ በቀደር ማሳበብ አይቻልም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ዓሣ አትብሉ አልልም። የአንድ ሰው ሰሐንም ባሕሩን አያቀዘቅዝም። ግን ከሐላል ጋር ጠይብ የሚለው ቃል አብሮ የሚመጣው በምክንያት ነው፤ የምንበላው የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ንጹሕና መልካምም እንዲሆን ነው። ስለዚህ ጠይቁ። ለሰፈራችሁ ሐላል ሱቅ «ይህ ዓሣ ከየት ባሕር ነው? የእርባታ ከሆነ ምን ይመገባል?» በሉት። አንድ ሰው ሲጠይቅ ባለሱቁ ይስቃል፤ ሃያ ሰው ሲጠይቅ አከፋፋዩን ይጠይቃል። በረመዳን ኢፍጣር ላይ ስንት ሰሐን ምግብ እንደሚጣል ሁላችንም እናያለን፤ ከሌላው ሕዝብ ባሕር የመጣ ሪዝቅ ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ኢስራፉ እጥፍ ነው።

ከዚያ በላይ ያለው ግን በሰሐን አይፈታም። እናንተ ወላጆቻችን ያልነበራቸው ነገር አላችሁ። የምትኖሩባቸውን አገሮች ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻ ትናገራላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ትመርጣላችሁ፤ ሕግ፣ ባዮሎጂና ኢኮኖሚ ትማራላችሁ። የዓሣ ኮታ ሲከፋፈል፣ የዓሣ ዱቄት ንግድ ሲፈቀድ፣ የአየር ንብረት ካሳ ሲደራደሩ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች እንደ እናንተ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። ከመካከላችሁ አንዱ ወይም አንዷ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ «ዓሣው ዛሬ የት ነው ያለው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ዓሣው የሄደበት ሰው ምን ይብላ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ያ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ተጠቅልሎ ይህ ነው። የመጣልንን መውሰድ የተፈቀደ መሆኑ፣ የሄደበትን መርሳት የተፈቀደ መሆኑን አያሳይም። ባሕሩን ያሞቀው አንዱ፣ ዓሣው የሄደበት ሌላው ከሆነ፣ በመካከላቸው ዕዳ አለ። ዕዳ ደግሞ ባለዕዳው ቢረሳውም፣ ባለገንዘቡ ሩቅ አገር ቢሆንም፣ ዕዳነቱ አይቀርም። የሰው ሐቅ ተሸክሞ ከመሄድ አላህ ይጠብቀን፤ ሐቅን ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ